የደከመ እግር ዋጋ

ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ መኪና መግባት ከመጀመሩ በፊት ተሳላሚውም ጎብኚውም አንድ ቀን ያህል በእግሩ ወይም በበቅሎ ይጓዝ ነበር። የላስታን ዳገትና ቁልቁለት ሲያቋርጥ ውሎ፣ የጥዱን ደን ሽቅብ ወጥቶ፣ ከትልቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን ያገኘዋል። ግድግዳው ነጭ የተለሰነ ድንጋይና የጠቆረ ግንድ እየተፈራረቀ የተደረደረበት ነው። ከኋላው የብዙ ሰው አጽም ተከማችቶ ይታያል፤ ትውፊቱ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው ይላል። ዛሬ ግን ጠዋት በመኪና ወጥቶ፣ ተሳልሞ፣ ለምሳ ላሊበላ መመለስ ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ የዋለ ሰውና ከመኪና ወርዶ አጭር ዳገት ብቻ የወጣ ሰው ከአንድ ደጃፍ ቆመው አንድ ዓይነት ጸሎት ቢያደርሱ፣ የመጀመሪያው አግኝቶት ሁለተኛው ያጣው ነገር አለ? ጥያቄው የይምርሐነ ብቻ አይደለም፤ ተራራ ላይ ወዳለ ደብር ሁሉ መንገድ በተጠረገ ቁጥር ይነሣል። እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ እየወጡ የመናገሻን ጫካ በእግራቸው የሚያቋርጡትንም ይመለከታል፤ እነሱም መኪና እያለ በእግር መሄድን የመረጡ ናቸውና። የእኔ መልስ፣ አዎ፣ የሚጎድል ነገር አለ የሚል ነው። የሚጎድለው ግን ብዙዎቻችን እንደምናስበው ድካሙ አይደለም።

በእኛ ዘንድ የተለመደው መልስ ድካሙ ራሱ በረከት ነው የሚል ነው። አባባሉ መሠረት አለው። ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ሌሊቱን ቆሞ ማደሩ ሥጋ ሲደክም ነፍስ ትበረታለች በሚል እምነት የቆመ ነው፤ የቅዱሳንም ገድል የሚተረከው በተጋድሏቸው ነው። በእግሬ እመጣለሁ ብሎ የተሳለ ሰውም እግዚአብሔር ኪሎ ሜትር እንደማይቆጥር አያጣውም፤ ልቡን የሚያሳይበት ሌላ ነገር ስለሌለው ነው እግሩን የሚሰጠው። ይህን ሁሉ ተቀብለን ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ድካም በራሱ የሚቀድስ ቢሆን ኖሮ ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ከማናችንም በፊት በተቀደሱ ነበር። ሸክሙ ወገባቸውን አጉብጦ፣ ገመዱ ትከሻቸውን ቆርጦ፣ ዓይናቸው ከመሬት ሳይነሣ ቁልቁለቱን ይወርዱታል። ያንኑ አቀበት በስፖርት ጫማ የወጣው ሰው ነፍሴ ታደሰች ሲል፣ እነሱ መንገዱን የሚቆጥሩት ሸክሙ በሚያወጣው ብር ነው። ድካማቸው ክቡር ነው፤ እንጀራ የሚያበላ ድካም ነው። በረከት ነውና ደስ ይበላችሁ ብሎ መስበክ ግን ጭካኔ ይሆናል። አቀበቱም ላቡም አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ይህን ያህል ከተራራቀ፣ ትርጉሙ የሚመጣው ከላቡ አይደለም ማለት ነው።

ከቀደሙት አባቶችም ይህን ያየ አለ። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ኢየሩሳሌምን በዓይኑ አይቶ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቦታ መለወጥ ሰውን ወደ እግዚአብሔር አያቀርበውም ሲል ተከራክሯል፤ ጸጋ በሚታይ ነገር የሚለካ ከሆነማ በመሠዊያ ብዛት የእሱ አገር ቀጶዶቅያ ሳትበልጥ አትቀርም እስከ ማለት ደርሷል። ወንጌሉም ሳምራዊቷ ሴት የአምልኮው ቦታ የትኛው ነው የሚለውን የአባቶቿን ክርክር ስታነሣ፣ ጌታ መልሱን ከዚህኛውም ከዚያኛውም ተራራ አውጥቶ ወደ መንፈስና ወደ እውነት እንደወሰደው ይነግረናል። እነዚህን ሁለት ምስክሮች ይዞ አንድ ሰው፣ እንግዲያው በመኪና የመጣውም በእግሩ የመጣውም እኩል ናቸው፣ ከቤቱ ያልወጣውም አይተናነስም ቢል ክርክሩ ቀላል አይሆንም። እኔም ቦታን በሚመለከት እውነት አለው እላለሁ። ግን የሳምራዊቷ ታሪክ እንዴት እንደሚጀምር ልብ እንበል። ጌታ ከመንገድ ደክሞት ከውኃ ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጧል፤ መቅጃ የለውም፤ ከማያውቃት፣ ወገኖቹ ከሚጸየፉት ሕዝብ ከሆነች ሴት ውኃ ይለምናል። ያ ሁሉ ጥልቅ ንግግር የተከፈተው በዚህ ልመና ነው። ተራራው ዋጋ የለውም የሚለው ቃል የተነገረው መንገድ ካደከመው ሰው አፍ ነው፤ ድካሙ ራሱ ምንም አላስተማረም፣ ነገር ግን የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎችን አነጋገረ። የእግር መንገድ ዋጋ የሚገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ የሚሄደውን ሰው የሌላ ሰው እንግዳ ያደርገዋል።

የገዛ ታሪካችንም ወደዚሁ ያመለክታል። የላሊበላ ትውፊት ንጉሥ ላሊበላ የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈላቸው ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ በበረሃና በሽፍታ እንዳያልቅ፣ ኢየሩሳሌምን ከአገሩ እንዲያገኛት ብሎ ነው ይላል። ለዚህም ነው ከተማዋ ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ሲና የሚሉ ስሞችን የያዘችው። ነገሩን በዚህ ዓይን ካየነው፣ በአገራችን ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው የመንፈሳዊ ሥራ ሐውልት መንገድ ለማሳጠር የተሠራ ነው። ድካምና አደጋ በራሳቸው በረከት ቢሆኑ ኖሮ ንጉሡ የሕዝቡን በረከት ቀነሰ እንጂ ጨመረ አይባልም ነበር፤ ሕዝቡ ግን ቅዱስ ብሎታል። ሆኖም መንገዱ ካጠረ በኋላ የሆነውን እንይ። ለገና በዓል ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ ሕዝቡ ቀናትና ሳምንታት በእግሩ እየተጓዘ ወደዚያችው ወደ ቀረበችው ኢየሩሳሌም መጣ፤ አውቶቡስና አውሮፕላን ከመጡም ወዲህ በእግሩ የሚመጣው አልቀረም። የሚገድለው መንገድ ተወግዷል፣ የሚያገናኘው መንገድ ግን ቀርቷል። ሕዝቡ በእግሩ የሚፈልገው ነገር አደጋው እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሚፈልገው ምን እንደሆነ ደግሞ ከተማዋ በር ላይ ይታያል። የላሊበላ ሰዎች በገና ሰሞን ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ዝቅ ብለው እግሩን ያጥቡታል። ገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ ወዲያው ይደፈርሳል፤ ከስንጥቅ ተረከዝ ላይ የብዙ ቀን አቧራ ይለቃል፤ አጣቢው ወጣት ታጣቢው አዛውንት ሊሆን ይችላል፣ ተቃራኒውም ይሆናል፤ ስም አይጠያየቁም። ይህ ሥርዓት ሦስት ሥር አለው። አንዱ በገጠር ቤት ሁሉ የነበረው እንግዳን እግር አጥቦ የማሳደር ልማድ ነው። ሁለተኛው በጸሎተ ሐሙስ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚፈጸመው የሕፅበተ እግር ሥርዓት ነው። ሦስተኛው የሁለቱም አባት ነው፤ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሳለ ሦስት መንገደኞችን አይቶ እግራቸው የሚታጠብበት ውኃ አቀረበ፣ ከዛፉ ጥላ አሳረፋቸው፣ አበላቸው፤ ያስተናገደው ሥላሴን እንደነበር ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ስለ እግዚአብሔር ከምንናገረው ሁሉ የከበደው ትምህርት እንግዳ በመቀበል ታሪክ ውስጥ መቀመጡ ዝም ብሎ የሆነ አይደለም። አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከመኪና የወረደን ሰው እግር ማጠብ ይቻላል፣ ግን ሥርዓቱ ባዶ ይሆናል፤ ያልቆሸሸና ያልደከመ እግር የሚታጠበው ለወጉ ብቻ ነው። የደከመ እግር ዋጋው ለባለቤቱ የሚቆጠርለት ነጥብ ስለሆነ አይደለም። ሌላው ሰው ደግ እንዲሆን ቦታ የሚከፍት ስለሆነ ነው።

መንገዱ ይህን የሚሠራው ቀስ በቀስ ነው። በእግሩ የወጣ ሰው በሶውን፣ ቆሎውን፣ ዳቦውን ቋጥሮ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ይነሣል፤ የያዘው ግን እንደማይበቃው ያውቃል። ምንጩ የት እንደሆነ እረኛ ይጠይቃል። መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ሲመሽ ከማያውቀው ደጅ ቆሞ የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል፤ ውሻው ይታገድለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። በማግሥቱ ሲነሣ ትናንት ያልነበረው አንድ ነገር አለው፤ ስማቸውን በጸሎት የሚጠራቸው ሰዎች። ይህ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ሀብት አይደለም። በባሌ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙት ሙስሊሞችም ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው ሩቅ መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ በትሩን ያየ ባላገር ማን እንደሆኑ አውቆ ይቀበላቸዋል። መኪና ይህን ሰንሰለት ይበጥሰዋል። በመኪና የሚሄድ ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ምንም ስለማያስፈልገው ነው። ውኃው በኮዳው፣ ምግቡ በሻንጣው፣ አቅጣጫው በስልኩ አለ። በመንደሩ መካከል ሲያልፍ ከሰዎቹ የሚቀበለው ሰላምታ እንኳን የለም፤ አቧራ ግን ይተውላቸዋል። ከደብሩ ሲደርስ የሚገባው እንደ ጎብኚ ነው፤ በእግሩ የመጣው ግን አስቀድሞ በየቤቱ እንግዳ ሆኖ ስለተለማመደ በእግዚአብሔር ቤትም እንግዳ መሆኑን አውቆ ይገባል።

እንግድነቱ ለሰው ብቻ አይደለም፣ ለደኑም ነው። በሰሜኑ የአገራችን ደጋ ከቀረው የተፈጥሮ ደን አብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው የቆየው ዛፉ የደብሩ ነው ተብሎ ስለተከበረ ነው፤ ተሳላሚው ከጥላው ያርፋል፣ መጥረቢያ ግን አያነሣም። ይህ ማለት የእግር መንገድ ደን አይጎዳም ማለት አይደለም። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከብት የሚገባበት ደን ውስጥ ችግኝ እንደማያድግ አሳይተዋል፤ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማንና ከካህናቱ ጋር ሆነውም ደኖቹ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ሠርተዋል። የሰውም እግር ቢሆን ከሰኮና ብዙም አይሻልም። ጠመዝማዛው መንገድ ረዘመብኝ ያለ አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ ሣሩ ይረገጣል፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ያንኑ አቋራጭ ይይዛል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሥሩ ተገልጦ የቀረ ዛፍና ቦረቦር ይታያል። እዚህ ላይ ጠላቱ ችኮላው እንጂ እግሩ አይደለም። ባለቤቱ በቀየሰው መንገድ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ በአጥር ዘሎ የሚገባው ሌላ ስም አለው። እንግድነት ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለአፈርም የሚሠራ ሕግ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ስለ ተሳላሚ የተባለው ለተሳላሚ ይሁን፣ ለመዝናናትና ለጤና ብሎ ለሚሄደው የከተማ ሰው ምን ያደርግለታል ሊል ይችላል። በእርግጥ ሃይኪንግ የሚሄድ ሁሉ የሚጸልይ አይደለም፤ እንዲጸልይም አልጠይቀውም። የእንግድነት ሕግ ግን እምነቱን ሳይጠይቅ ይይዘዋል። የመናገሻን ሱባ ደን እንውሰድ፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ትውፊቱን ከተቀበለ የቆመው ሌሎች ከተከሉት ጥላ ሥር ነው፤ ይህን ካወቀ እንግዳ ነው፤ ካላወቀ ቦታውን እንደ ስፖርት ሜዳ የተከራየ ይመስለዋል። ስንቁን፣ ሙዚቃውንና ጨዋታውን ሁሉ በአውቶቡስ አምጥቶ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጥ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ጥሎ የሚመለስ ቡድን በእግሩ ሄዷል ለማለት ይከብደኛል፤ መኪናውን በእግሩ ነድቷል ቢባል ይሻላል። በተቃራኒው በላሊበላ ዙሪያና በመቄት የገበሬ ማኅበራት በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው መንገደኛ የሚያሳድሩበት አሠራር አለ፤ መሪው የመንደሩ ሰው ነው፣ ዕቃው በአህያ ይጫናል፣ ራቱ ከቤቱ ይቀርባል፣ ገቢው ለማኅበሩ ይገባል። ገንዘብ የገባበት እንግድነት እንግድነት አይደለም የሚል ቢኖር፣ ባላገሩም ድሮ እንግዳውን ሲሸኝ ምርቃት ይቀበል ነበር፣ ደህና እንግዳም ባዶ እጁን አይመጣም ነበር እለዋለሁ። ዋናው ነገር ሂሳቡ መከፈሉ ሳይሆን መንገደኛው በሰዎቹ እርምጃ፣ በሰዎቹ ውኃና በሰዎቹ ዕውቀት ላይ መደገፉ ነው።

ከዚህ የከበዱ ተቃውሞዎች ግን አሉ። አንደኛው የበሽተኛው፣ የሽማግሌውና የነፍሰ ጡሯ ነው። ጠበል ፈልጎ የሚመጣ ሕመምተኛ ዳገት ውጣ ሊባል አይገባም፤ የመንደሩ ሰውም እህሉን ገበያ፣ ወላዷን ሆስፒታል የሚያደርስበት መንገድ መብቱ ነው። መንገዱ ይቅር የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ መኪና ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ በሌላው ድካም የራሳቸውን ትዝታ ለመጠበቅ ይፈልጋሉ። ይህ ወቀሳ ትክክል ነው፤ ስለዚህ የእኔ ክርክር መንገድ ይቅር የሚል አይደለም። መራመድ ያለበት መምረጥ የሚችለው ነው፤ ምርጫ የሌለው ሰው መራመድ ሌላ ስም ያለው ነገር ነው፣ እሱም መቃለል ያለበት ችግር ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ እንግዳ ተቀባዩ ድሃ ነው የሚል ነው፤ የበዓል ሰሞን ሺህ ሰው በአንድ መንደር ቢያልፍ ደግነቱ ጎተራውን ያራቁተዋል። ለዚህ የጥንቱ ተሳላሚ መልስ ነበረው፤ ስንቁን ራሱ ይይዝ ነበር፣ የሚለምነው ውኃና ማደሪያ ነበር። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ላስታም ሆነ ብዙው የሰሜን ምድር ጦርነት አይቷል፤ እንግዳ ባየ ጊዜ በሩን የሚዘጋ ባላገር ክፉ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው። እዚህ ላይ ክርክሬ ይፈርሳል ለማለት አልቸኩልም፤ እንዲያውም የሚያስረዳው ነገር አለ። ሰው ሳይፈራ በእግሩ ሊያቋርጠው የማይችል አገር ምን ያህል አስፋልት ቢኖረው ሰላም አለው አይባልም። የማያውቁት መንገደኛ መሽቶበት ደጅ ሲቆም በሩ የሚከፈትለት ከሆነ፣ እሱ ነው የሰላም መለኪያው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። በደብር ደጃፍ በእግሩ የደረሰው በመኪና ከደረሰው አይበልጥም፣ ዋጋውም በላቡ አይቆጠርለትም። ግን መንገዱ የብዙዎች ውለታ ያለበት ሰው አድርጎታል፣ ውለታ እንዳለበት ያወቀ ሰው ደግሞ ጸሎቱ ከራሱ ያልፋል። ይህን መንገድ ማጥፋት ቀላል ነው፤ መልሶ ማግኘት ግን ይከብዳል። መንገድ ለማስጠረግ የሚደክሙ የደብር አስተዳዳሪዎችና ምእመናን መኪናውን እስከ ደኑ ዳር ያምጡት፣ ከዚያ ግን ያቁሙት፤ እንደ ይምርሐነው ያለ አጭር ዳገት እንኳን ቢተርፍ ብዙ ነው። አቅም የሌለው በበቅሎም በቃሬዛም ይግባ፣ ማንም ለምን አይበለው። የድሮውን የእግር መንገድ አቋራጭ ሳያበዙበት፣ ምንጩን ሳይደፍኑበት ያቆዩት፤ በመንገዱ ያሉ መንደሮች ከእንግዳው የሚያገኙት ጥቅምም ለራሳቸው ይሁን። የሚሄደው ደግሞ፣ ተሳላሚም ይሁን ሃይኪንግ ወዳድ፣ ስንቁን ይያዝ፣ ቆሻሻውን ይመልስ፣ ወዴት ትሄዳለህ ሲባል ቆሞ ይመልስ፣ ውኃ ሲሰጡት ይቀበል፤ በተራው እሱም ደጁ የቆመውን መንገደኛ ያስገባ።